ለወጠ፦ የቃሉ ትርጉምና አጠቃቀም በደሴና በኮምቦልቻ

«ለወጠ» አንዱን ነገር በሌላ መተካትም፣ አንዱን ነገር ሌላ ማድረግም ነው። የግእዝ አቻው «ወለጠ» ሲሆን አማርኛ ወ እና ለን አፈራርቋቸዋል። ጥንታዊው ቅርጽ በሰዋስው «ተውላጠ ስም»፣ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ «ዘእንበለ ውላጤ» (ያለ መለወጥ) እየተባለ እስከ ዛሬ አለ።

ሁለቱን ፍቺዎች የሚለያቸው መስተዋድድ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ «ምስሩን በጤፍ ለወጠች» ሲባል ምስሩም ጤፉም እንዳሉ ናቸው፤ የተፈራረቀው ባለቤታቸው ነው። ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ግን ጥጡ ወደ ክር፣ ክሩ ወደ ጨርቅ ይለወጣል። በ«በ» ፈንታ «ወደ» ከገባ ምስሩ ራሱ ጤፍ ሆነ ማለት ነው። አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳህንና ኩባያ የሚሰጠው «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ነጋዴም፣ የመኪና «መለዋወጫ»ም ከመጀመሪያው ፍቺ የወጡ ናቸው። ለገንዘብ መልስና ዝርዝር ግን ቃሉ አይሠራም፦ ከከፈሉት የሚተርፈው «መልስ»፣ የተመነዘረው «ዝርዝር» ነው።

ጥቅምና ጉዳትን የሚናገሩት በግሡ ላይ የሚጨመሩት ልና ብ ናቸው። ከደሴ ብርድ ተነስቶ የሐረጎን ተራራ የወረደ መንገደኛ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሙቀቱ ካስቸገረው «አየሩ ተለወጠብኝ» ይላል፤ ብርዱ ሲያንገላታው የከረመ ደግሞ «ተለወጠልኝ»። የታመመ ሰው ሲጠየቅ «ለውጥ አለው?» ማለት «ተሻለው ወይ?» ማለት ነው። የባሰበትን ሰው «ለውጥ አለው» የሚል የለም፤ ስሙ እዚህ ላይ ወደ በጎ ያደላል።

ለሁለተኛው ፍቺ የሚቀርበው የእንግሊዝኛ ቃል «ትራንስፎርሜሽን» በሕዝብ ጆሮ የገባው ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅዶች ነው፤ የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀውም በሁለተኛው ዕቅድ ዘመን፣ በ2009 ዓ.ም. ነበር። ከግብርና መር ወደ ኢንዱስትሪ መር ኢኮኖሚ መሸጋገርን «መዋቅራዊ ለውጥ» ብንለው የሚቀርብን ነገር የለም። «ሽግግር» ብቻውን አይበቃም፤ መሻገሩን እንጂ የተሻገረው ነገር ሌላ መሆኑን አይነግርም።

በጽሑፍ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቀላሉ ላይ ነው። «ይለውጣል» አድራጊውን ይጠራል፤ ለ ይላላል፣ ወ ይጠብቃል። «ይለወጣል» ተደራጊ ነው፤ ለም ወም ይጠብቃሉ። ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ልዩነቱ የሚታየው በው እና በወ ብቻ ነው። «ማሽኑ ጥጡን ይለወጣል» የሚል ጽሑፍ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። «ተለዋጭ»ና «ተለዋዋጭ»ም እንዲሁ ይምታታሉ፦ ፍርድ ቤት የሚሰጠው ምትክ ቀን ተለዋጭ ቀጠሮ ነው፤ ተለዋዋጭ ቀጠሮ ከተባለ በየጊዜው የሚቀያየር ይሆናል።