«ብርሃን ከታጠፈ አንስታይን አሸነፈ» እና ሌሎች ስሕተቶች

«ኒውተን ብርሃን አይታጠፍም ሲል አንስታይን ይታጠፋል አለ፤ የ1919 ግርዶሽም ፈረደ» ይባላል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ እንዲህ አይደለም። በኒውተን ስሌትም በፀሐይ ጠርዝ የሚያልፍ ብርሃን ሊታጠፍ ይችላል፤ ክርክሩ በመጠኑ ላይ ነበር። አንድ ዲግሪ 3,600 ሰከንድ ቢሆን፣ የኒውተኑ 0.87 ሰከንድ፣ የአንስታይኑ 1.75። ይህን ለመለየት የእንግሊዝ ቡድኖች በግርዶሹ ጊዜ በፀሐይ አጠገብ የሚታዩትን ከዋክብት ፎቶግራፍ ሊያነሱ ወደ ምዕራብ አፍሪካዋ ፕሪንሲፔ ደሴትና ወደ ብራዚሏ ሶብራል ተጓዙ። ፕሪንሲፔን ደመና አስቸገራት። ሶብራል የሄዱት ደግሞ እስከ ሐምሌ ቆይተው እነዚያኑ ከዋክብት ፀሐይ በሌለችበት ሌሊት ዳግም አነሷቸው፤ ሁለቱን የመስታወት ፎቶግራፎች አስተያይተው የለኩት ፈቀቅታ ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ነው! እዚያው የነበረ አንድ ቴሌስኮፕ ምስሉ ደብዝዞበት ለኒውተን የቀረበ ቁጥር ሰጠ፤ ውጤቱም ወደ ጎን ተተወ። ወቀሳው እስከ ዛሬ አለ፤ ተገቢም ይመስለኛል። ጥርጣሬውን ያጠፉት ኋላ የመጡት የሬዲዮ ልኬቶች ናቸው። በ2002 ወደ ሳተርን ከተላከችው ከካሲኒ መንኮራኩር ጋር የተደረገው ልኬት አንስታይንን ከመቶ ሺህ ጥቂት እጅ በማይበልጥ ስሕተት ደገፈው።

(በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 2012 ላሊበላ ላይ የታየው ግርዶሽ ለዚህ አይሆንም ነበር፤ ቀለበት ሆኖ የቀረው የፀሐይ ብርሃን ከዋክብቱን ይሸፍናቸዋል።)

«ምልከታው ካልገጠመ ንድፈ ሐሳቡ ወደቀ» የሚለውን ለመመርመር ደግሞ አንድ ሰው ይበቃል፤ ፈረንሳዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ለ ቬሪዬ። ዩራነስ ከኒውተን ስሌት ስታፈነግጥ ሕጉን አልጣለም፤ የማትታይ ፕላኔት እየሳበቻት ነው ብሎ ቦታዋን አሰላ። በ1846 በርሊን ላይ ቴሌስኮፕ ወደዚያ ሲዞር ኔፕቱን ከጠቆመው ቦታ በአንድ ዲግሪ ውስጥ ተገኘች። የሜርኩሪ ምሕዋርም በየመቶ ዓመቱ 38 የዲግሪ ሰከንድ ያህል (ኋላ ሲታረም 43) ሲዛነፍበት ያንኑ ዘዴ ደገመ፤ «ቩልካን» የምትባል ፕላኔት አለች አለ። ተፈለገች፤ የለችም። በዚህኛው ጊዜ ጥፋቱ የሕጉ ነበር፤ 43ቱን ሰከንድ በ1915 አንስታይን አስረዳ። ሰውየው አንድ፣ ዘዴው አንድ፣ ፍርዱ ግን ሁለት።

«የሥነ ፈለክ ሰው ያያል እንጂ አይሞክርም፤ ስለዚህ ንድፈ ሐሳብ አይጥልም» የሚሉም አሉ። ነሐሴ 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ተጋጭተው የላኩት የስበት ሞገድና የጋማ ጨረር 130 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዘው እኛ ዘንድ ደረሱ። ጨረሩ ከሞገዱ የዘገየው 1.7 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ያችም ብትሆን ጨረሩ ዘግይቶ ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። ስበት ከብርሃን በተለየ ፍጥነት ይጓዛል ይሉ የነበሩ በርካታ የጨለማ ኃይል (የጠፈርን መስፋፋት ያፋጥናል የሚባለው ያልታወቀ ኃይል) ንድፈ ሐሳቦች ከዚያ በኋላ አልተነሡም።