የቀድሞ ዘመን ትራያል ሞተር ሳይክሎችና እድሳታቸው

ትራያል ከሞተር ሳይክል ስፖርቶች ሁሉ ፍጥነት ዋጋ የሌለው ውድድር ነው። ተወዳዳሪው በድንጋያማ የወንዝ መውረጃ፣ የዛፍ ሥር በተጋደመበት ጫካ ወይም በሚያዳልጥ ዳገት ላይ ተከልሎ በተዘጋጀና ሴክሽን በሚባል አጭር መንገድ ውስጥ እግሩን መሬት ሳያስነካ አልፎ መውጣት ይጠበቅበታል። በየሴክሽኑ የሚቆመው ታዛቢ እግሩ አንድ ጊዜ መሬት ከነካ 1፣ ሁለት ጊዜ ከነካ 2፣ ከዚያ በላይ ከሆነ 3 ነጥብ ይይዝበታል፤ ከወደቀ ወይም ከተከለለው መስመር ከወጣ ደግሞ 5 ይቆጠርበታል። በመጨረሻ ያነሰ ነጥብ የተያዘበት ያሸንፋል። ስለዚህ ለዚህ ስፖርት የሚሠራ ሞተር ሳይክል ቀላል፣ ከመሬት ከፍ ያለና በጠባብ ቦታ በቀላሉ የሚታጠፍ መሆን አለበት፤ ሞተሩም እንደ ሰው እርምጃ በዘገየ ጉዞ ሳይጠፋ መጎተት ይኖርበታል። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት ትራያል ሞተር ሳይክሎች ዛሬም በአውሮፓ፣ በተለይ በብሪታኒያና በስፔን፣ እየታደሱ ይወዳደራሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፖርቱ የተወለደው በብሪታኒያ፣ ሞተር ሳይክል ራሱ ገና አዲስ በነበረበት ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ ውድድሮች ዓላማቸው ተሽከርካሪው ሳይበላሽ ረጅምና አስቸጋሪ መንገድ መጨረስ ይችል እንደሆነ መፈተን ነበር። በ1909 የተጀመረውና ዛሬ ማዕከሉን ፎርት ዊልያም ከተማ ያደረገው የስኮትላንድ የስድስት ቀን ትራያል ከዚያ ዘመን የተረፈ ሲሆን፣ እስካሁንም በስፖርቱ ዓለም እጅግ የተከበረ ነው። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ አሸናፊዎቹ በአብዛኛው እንደ ኤሪየል፣ ኤጄኤስ፣ ማችለስ፣ ቢኤስኤና ሮያል ኤንፊልድ ያሉ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሠሯቸው ባለ አንድ ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ከባድ ሞተሮች ነበሩ። አብዛኞቹ ለመንገድ ከተሠሩት ሞዴሎች ብዙም አይርቁም፤ ሻሲያቸው ከፍ ይላል፣ ማርሻቸው ያጥራል፣ ማርሚታቸው ወደ ላይ ይሰቀላል፣ ያ ነው። በእነዚህ ከባድ ማሽኖች ላይ ይታይ የነበረው ችሎታ ግን ዛሬም ያስደንቃል። ጎርደን ጃክሰን በ1961 በ350 ሲሲ ኤጄኤስ የስኮትላንዱን ውድድር ሲያሸንፍ በስድስቱ ቀናት ውስጥ የተያዘበት አንድ ነጥብ ብቻ ነበር።

ይህን ዘመን የዘጋው አንድ የስፔን ሞተር ሳይክል ነው። ፍራንሴስክ ሻቪዬር ቡልቶ፣ ወዳጆቹ ፓኮ የሚሉት የባርሴሎና ኢንዱስትሪ ባለሙያ፣ ከፔሬ ፐርማኜር ጋር ሆኖ ካቋቋመው ሞንቴሳ የወጣው ፋብሪካው ከእሽቅድምድም ለመራቅ በመወሰኑ ነበር፤ በ1958ም ቡልታኮን መሠረተ። በ1964 መጨረሻ የቤልፋስት ተወላጁን ሳሚ ሚለርን ወደ ስፔን ጋበዘው። ሚለር ጂኦቪ 132 በሚል ሰሌዳ በሚታወቀው 500 ሲሲ ኤሪየሉ ዓመታት ሙሉ ሲያሸንፍ የኖረና እያንዳንዱን ብሎን ሳይቀር ለማቅለል የደከመ ሰው ስለነበረ፣ ከማንም በላይ የት ላይ ክብደት እንደሚቀነስ ያውቅ ነበር። በቡልቶ ቤተሰብ ይዞታ በሳን አንቶኒዮ ለጥቂት ቀናት እየነዳ፣ የመሪውን አንግልና የእግር ማሳረፊያውን ቦታ እያስተካከለ ያወጣው ባለ ሁለት ምትና 244 ሲሲው ሼርፓ ቲ ከመቶ ኪሎ ግራም በታች የሚመዝን ነበር። በ1965 የስኮትላንዱን የስድስት ቀን ትራያል በዚሁ ማሽን አሸነፈ፤ ባለ ሁለት ምት ሞተርም ሆነ ከብሪታኒያ ውጪ የተሠራ ሞተር ሳይክል ያንን ውድድር ሲያሸንፍ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው በፍጥነት መጣ። ሞንቴሳ በ1968 ኮታ 247ን አቀረበ፤ ሌላው የስፔን ፋብሪካ ኦሳ በእንግሊዛዊው ተወዳዳሪ በሚክ አንድሩስ ስም የተሰየመውን ሞዴል አወጣ፤ የጃፓኑ ያማሃም አንድሩስን ራሱን አስፈርሞ ቲዋይ 250ን ሠራ። በ1975 የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር የመጀመሪያው ሻምፒዮን ማርቲን ላምፕኪን በቡልታኮ ነበር። የቡልታኮ ፋብሪካ በ1983 ተዘጋ። ብዙም ሳይቆይ የኋላ አሞርዛቶሩ (ድንጋጤ ማብረጃው) አንድ ብቻ የሆነ፣ ቀጥሎም በውሃ የሚቀዘቅዝና በዲስክ ፍሬን የሚቆም ትውልድ ተተካ። የዛሬዎቹ የቀድሞ ዘመን ውድድሮች ምድብ የሚወጣውም ከዚሁ ታሪክ ነው። አንደኛው ከ1965 በፊት ለተሠሩት፣ በዋነኛነት ለእንግሊዞቹ የተለየ ሲሆን፣ ሁለተኛው በኋላ ጎማቸው ግራና ቀኝ ሁለት አሞርዛቶር ላላቸው፣ በአየር ለሚቀዘቅዙና ታምቡር ፍሬን ላላቸው ነው።

እድሳት የሚጀምረው ቁልፍ ከማንሳት በፊት ነው። የሼርፓ ሻሲ ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ከፋብሪካ ሲወጡ አንድ ነበሩ፤ ስለዚህ ገዢው መጀመሪያ የሚያደርገው በመሪው አንገት አጠገብ የተነባበረውን ቀለም ቀስ ብሎ ፍቆ ቁጥሩን ማንበብና በሞተሩ ላይ ካለው ጋር ማስተያየት ነው። ትራያል ሞተር ሳይክል በባሕርዩ ይወድቃል፣ ይጣመማል፣ ይቆረጣል፤ የቀድሞ ባለቤቶች የኋላውን ሻሲ ሲያሳጥሩ፣ የእግር ማሳረፊያውን ወደ ኋላና ወደ ታች ሲያዛውሩ፣ የመብራት ማያያዣውን ሲቆርጡ ኖረዋል። እነዚህን ለውጦች ሁሉ እንደ ጥፋት ማየት ስህተት ይመስለኛል። በ1960ዎቹ አንድ ተወዳዳሪ በገዛ እጁ የበየደው የእግር ማሳረፊያ የማሽኑ ታሪክ አካል ነው፤ ባለፈው ዓመት በችኮላ የተበየደው ግን አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ ብየዳውን፣ ከሥሩ ያለውን ቀለምና የዝገቱን ዕድሜ በትዕግሥት መመልከት ያስፈልጋል። ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት ፎቶግራፍ ማንሳት ያለበትም ለዚህ ነው፤ ቀለሙ አንዴ በአሸዋ ርጭት ከተላጠ የሻሲው ማስረጃ አይመለስም።

ሞተሩ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ርካሽ በሆነ ነገር ላይ ነው። በባለ ሁለት ምት ሞተር የኮሎው (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ) ሣጥን አየርና ቤንዚን ስቦ ወደ ሲሊንደሩ የሚገፋ ፓምፕ ስለሆነ፣ በኮሎው ግራና ቀኝ ያሉት ፓራኦሊዮዎች (ዘይትና አየር የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች) አየር ማሳለፍ የለባቸውም። ለዓመታት የቆመ ሞተር ሳይክል ላይ ደግሞ ጎማቸው ደርቆ ይሰነጠቃል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲያረጅ የካቴናው ዘይት ወደ ሞተሩ ይሳባል፤ ካንዴላው ይረጥባል፣ ጭሱ ይበዛል፣ የዘይቱም መጠን ያለ ምክንያት ይጎድላል። በቮላኖው (በኮሎው ጫፍ በሚዞረው ከባድ የብረት ክብ) በኩል ያለው ሲያረጅ ግን አየር ይገባል፤ ድብልቁ ቤንዚን ስለሚያንሰው ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው በራሱ ይጮሃል፣ ዝም ከተባለም ፒስተኑ ይቃጠላል። ቤንዚንና አየር የሚደባልቀውን ካርቡራተር ደጋግሞ አስተካክሎ ያልተሳካለት ሰው መመልከት ያለበት እዚህ ነው። ፓራኦሊዮው ሲቀየር ኩሽኔታውም፣ የቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክንድ) ጫፍም አብረው ይመረመራሉ፤ ሣጥኑን ሁለት ጊዜ መክፈት ከአዲስ ኩሽኔታ ዋጋ በላይ ያስከፍላልና።

ካርቡራተሩ ለትራያል ከሌላው ስፖርት ሁሉ የበለጠ ወሳኝ ነው፤ ነጂው አብዛኛውን ሴክሽን የሚያልፈው ጋዙን እምብዛም ሳይከፍት ነው። የእንግሊዙ አማል ካርቡራተር ተንሸራታች ክፍልና አካሉ ከተመሳሳይ ለስላሳ ቅይጥ ስለተሠሩ ሁለቱም አብረው ያልቃሉ፤ በመካከላቸው በተፈጠረው ክፍተት አየር ስለሚገባ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር መረጋጋት ያቅተዋል። አዳሾች ወይ አካሉን በቶርኖ አስበስተው ተንሸራታቹን በሌላ ብረት ያለብሱታል፣ ወይ የጃፓን ሚኩኒ ይገጥማሉ። ሁለተኛው ርካሽና አስተማማኝ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያው አማል በጨርቅ ተጠቅልሎ ሊቀመጥ ይገባል እንጂ መጣል የለበትም። በፑንቲና (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን በሚያስነሳ የብረት ጥንድ) የሚሠራው የማቀጣጠያ ሥርዓትም እንዲሁ ነው፦ ፑንቲናው ከጸዳና ክፍተቱ በትክክል ከተለካ፣ ቦቢናውም ጤነኛ ከሆነ አሁንም ያገለግላል፤ ኤሌክትሮኒክሱን የመረጡትም በቂ ምክንያት አላቸው። በየትኛውም መንገድ የቮላኖውን ክብደት መቀነስ ግን ትልቅ ስህተት ነው፤ ሞተሩ በድንጋይ ላይ ሲንፏቀቅ እንዳይጠፋ የሚይዘው ያ ክብደት ነው።

ከሁሉም አስቸጋሪው የፋይበርግላስ ሰርባቶዮ (የቤንዚን ታንክ) ነው። የስፔን ፋብሪካዎች ሰርባቶዮውንና የመቀመጫውን ሥር አንድ አድርገው ከፋይበርግላስ ያወጡ ነበር፤ የኮታ 247 ቀይ ረጅም መስመር ውበቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። በቤንዚን ላይ ኤታኖል መደባለቅ ሲጀመር ግን ያ የድሮ ማጣበቂያ መሟሟት ጀመረ። ቀለሙ ያብጣል፣ ውስጡ ይለሰልሳል፣ የሟሟው ሙጫም ከቤንዚኑ ጋር ወርዶ ካርቡራተሩን እንደ ማር ይዘጋዋል። በብሪታኒያ ከ2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ስለሚይዝ ችግሩ ብሷል። መፍትሔ የሚባሉት ሰርባቶዮውን በአዲስ መከላከያ ከውስጥ መቀባት፣ ከፋይበርግላሱ ሥር ትንሽ የአሉሚኒየም ሰርባቶዮ መደበቅ፣ ወይም ከውድድር በኋላ ቤንዚኑን ሁልጊዜ ማፍሰስ ናቸው። የመጨረሻው ምንም ወጪ የለውም፤ የሚጠይቀው አለመርሳትን ብቻ ነው።

የቀረው ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ ብዙም አይፈልግም። የፊት ሹካው ቧንቧ ፓራኦሊዮው ከሚያርፍበት ላይ ዝገት ከበላው ተሞርዶ እንደገና በክሮም ይነከራል። ራጂው ተፈትቶ ቸርኬው ይቃናል፤ ከፊት 21፣ ከኋላ 18 ኢንች ጎማ ይገጠማል። የጎማው አየር እጅግ ትንሽ ስለሆነ ጎማው በቸርኬው ላይ እንዳይዞር የሚይዘው ማያያዣ መኖሩ ይረጋገጣል። በእንግሊዞቹ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ የብሎንና የዳዶ ጣጣ አለበት፤ ልኬታቸው ሜትሪክ ስላልሆነ፣ ባልገጠመ ቁልፍ የተፈታ ዳዶ ጠርዙ ይላጫል።

በአዳሾች መካከል የማያባራው ክርክር ምን ያህል ለውጥ ይፈቀዳል የሚለው ነው። ከ1965 በፊት በሚለው ምድብ የሚወዳደሩ አንዳንድ ማሽኖች ሞተራቸው የድሮ ቢሆንም ሻሲያቸው በቅርቡ የተሠራ፣ የፊት ሹካቸው ውስጥ ዘመናዊ አካላት የተደበቀባቸው፣ ክብደታቸውም የዘመኑ ሰው ሊያስበው ከሚችለው በታች የሆነ ነው። ደጋፊዎቹ የሚሉት፣ ተወዳዳሪዎች በ1950ዎቹም ማሽናቸውን ከማሻሻል አልቦዘኑም፤ ሳሚ ሚለርም ኤሪየሉን እንደ ፋብሪካው አልተወውም ነው። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ሚለር ያቀለለው በዘመኑ በነበረው ብረትና ዕውቀት ነበር፤ ኋላ የመጣውን ዕውቀት በድሮ ሰርባቶዮ ሥር መሸሸግ ሌላ ነገር ነው። በእኔ ግምት ትክክለኛው መለኪያ የተደረገው ለውጥ በግልጽ መመዝገቡና የወጣው ክፍል ተመልሶ ሊገጠም መቻሉ ነው።

ክርክሩ በተግባር የሚታየው በስኮትላንድ ኪንሎክሌቨን መንደር ነው። ለሁለት ቀን የሚካሄደው ከ1965 በፊት የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ትራያል እዚያ ሲዘጋጅ፣ አዘጋጆቹ የማሽኖቹን ብቁነት አስቀድመው ይመረምራሉ። ፓይፕላይን የሚባለው ዳገት ስሙን ያገኘው ከተራራው ወደ ቀድሞው የአሉሚኒየም ማቅለጫ ኃይል ማመንጫ ውሃ ከሚያወርዱት ቧንቧዎች ነው። ዳገቱ ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ ድንጋይ አይገኝም፤ የፊት ጎማ የገፋው ድንጋይ የኋላውን ይጠብቀዋል። ከባዱ ኤሪየል እዚያ ሲወጣ የሞተሩ እያንዳንዱ ምት ተለይቶ ይሰማል፤ ነጂውም ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረ፣ ጋዙን ሳይነካ ቮላኖው እንዲጎትተው ይተወዋል። ማታ ማሽኖቹ ከታጠቡ በኋላ ልምድ ያላቸው ነጂዎች የፍሬን ታምቡሩን ከፍተው ውሃውን ያደርቃሉ፤ አለዚያ ጠዋት ጎማው ከፍሬኑ ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ይላል።