ከሞጣ ወደ አንዳቤት፦ በሰባራ ድልድይ የሚያልፈው የእግር መንገድ

ሞጣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ናት። ጃራ ገዶ ደግሞ የአንዳቤት ወረዳ ከተማ ናት፣ ከዓባይ ማዶ፣ ደቡብ ጎንደር። ጎረቤት ናቸው ማለት ይቻላል። በመኪና ግን ከሞጣ ባሕር ዳር ድረስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ፣ ከዚያ በወረታ በኩል ደብረ ታቦር ተገብቶ፣ እንደገና በእስቴ አድርጎ ወደ ደቡብ መመለስ ነው። እግረኛው ይህ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም አይመለከተውም። ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ዓባይን ይሻገራል፣ የማዶውን አቀበት ይወጣል፣ በቃ።

ስለዚህ መንገድ የተጻፈው ነገር እዚህም እዚያም የተበታተነ ነው፤ አብዛኛውም ስለ ድልድዩ እንጂ ስለ መንገዱ አይደለም። ከዚህ በታች ያለው ያንኑ አንድ ላይ ለማምጣት የተጻፈ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ካልተገለጸ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዱ ራሱ

ሞጣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የወይናደጋ ከተማ ናት። ማሯ የታወቀ ነው፣ ጤፏም እንዲሁ። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ሲወጡ መጀመሪያ የሚያገኙት ሜዳ ነው፤ የታረሰ ማሳ፣ በአጥር የተከበበ ግቢ፣ በየመሃሉ በዛፍ የተሸፈነ ቤተ ክርስቲያን። እዚህ ላይ መንገዱ ለማንም ቀላል ነው። ከዚያ ሜዳው በድንገት ያልቅና የዓባይ ሸለቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

ቁልቁለቱ ሲጀመር አገሩ ይለወጣል። አየሩ እየሞቀ፣ ዛፉ ወደ ግራር እየተለወጠ፣ ማሳውም ከጤፍ ወደ ማሽላ እየዞረ ይሄዳል። መንገዱ ሰውና አጋሰስ ለብዙ መቶ ዓመት የረገጠው ነው፤ ድንጋዩ በአንዳንድ ቦታ ለስልሷል፣ በሌላው ቦታ ደግሞ ልቅ ጠጠር ስለሆነ እግር ያዳልጣል። ለሚወርድ ሰው የሚፈተነው ጉልበቱ ነው። ለሚወጣው ግን ሙቀቱ ይብሳል፣ በተለይ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። አገሬው ስለዚህ ነው ጎህ ሳይቀድ የሚነሣው።

ታች ዓባይ አለ። በበጋ ጠቦ በጥቁር አለቶች መካከል ይፈሳል፣ በክረምት ግን ሌላ ወንዝ ነው። አዞም አለበት። ድልድይ በሌለበት ቦታ ሰው የተነፋ የፍየል ቆዳ ይዞ ይዋኝ ነበር፣ ይህም በበጋ ብቻ ነው የሚታሰበው። ስለዚህ አንድ የድንጋይ ድልድይ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያስቸግርም፤ ጨው፣ እህል፣ ከብት፣ ሙሽራ፣ ለቅሶ ደራሽ፣ ሁሉም በዚያው ነው የሚያልፈው።

ድልድዩ

ሰባራ ድልድይ የተሠራው በዐፄ ፋሲል ዘመን፣ በ1660 አካባቢ እንደሆነ ይነገራል። ብዙ የውጭ ጽሑፎች «የፖርቱጋል ድልድይ» ይሉታል። ይህ ስም ለዚህኛው ድልድይ ብዙም የሚያስኬድ አይደለም። ከጢስ ዓባይ በታች ያለው የአላታ ድልድይ በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ በ1626 ሲሠራ ሥራውን የመራው ከኢየሱሳውያኑ (ከካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ) ፓትርያርክ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ባለሙያ ነበር፤ የኖራ ድንጋይም እዚያው አቅራቢያ ተገኝቷል። ያኛው ስሙ ቢያንስ ምክንያት አለው። ፋሲል ግን በ1632 እንደነገሡ ብዙም ሳይቆዩ ኢየሱሳውያኑን አባርረዋል። በ1660 አካባቢ ኖራ አቡክቶ ቅስት ማቆም የጎንደር ግንበኞች በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን ሥራ የተካኑበት ሙያ ሆኖ ነበር። ስለዚህ ሰባራ ድልድይ የአገር ልጅ እጅ ሥራ ነው ማለት ይቀላል። ኖራው በእንቁላል ነው የተቦካው የሚለው ወሬ ስለ ጎንደር ግንቦችም ይነገራል።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሞጣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ የወይዘሮ ወለተ እስራኤል መቀመጫ ስለነበረች ወደ ጎንደር የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነበር።

ድልድዩ የተሰበረው በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ወረራ እንደሆነ ነው በብዛት የሚነገረው። ማን ሰበረው በሚለው ላይ የተለያየ ወሬ አለ። ከሁሉም የሚያሳምነው ግን አርበኞች የጠላትን መሸጋገሪያ ለመቁረጥ መካከለኛውን ቅስት አፈረሱት የሚለው ነው። ሞጣ ላይ የጣሊያን ጦር ሰፍሮ ነበር፣ የጎጃም አርበኞችም እነ በላይ ዘለቀን ጨምሮ ይህን የዓባይ በረሃ እንደ ቤታቸው ያውቁት ነበር። ትልቅ መሥዋዕትነት ነው፤ ምክንያቱም የተቆረጠው የራሳቸው ሰው የሚገበያይበት መንገድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የገመዱ ዘመን የመጣው። የድልድዩ ሁለት ጫፍ ቆሟል፣ መሃሉ ባዶ ነው። በአንዱ ጫፍ ጎልማሶች ይቆማሉ፣ በሌላውም እንዲሁ። ተሻጋሪው ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮ፣ ከሥር ዓባይ እየፈሰሰ፣ በአየር ላይ ይጎተታል። እህሉም፣ ጓዙም በዚያው። ይህ ለአሥርት ዓመታት የሰው የዘወትር መንገድ ነበር። ለሁለቱ ዳር ጎልማሶች ትልቅ ክብር ይገባቸዋል፤ እነሱ ባይኖሩ ጎጃምና ቤገምድር በዚህ በኩል ተቆራርጠው ይቀሩ ነበር።

በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ተቋራጭ ሰው በገመድ ሲጎተት የሚያሳይ ፎቶ መጽሔት ላይ አየ። ነገሩ ከሐሳቡ ስላልወጣለት «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፣ በዓመቱ በ2002 ከአገሬው ሰው ጋር ሆኖ ክፍቱ ቦታ ላይ ብረት አጋደመበት። ብረቱ እስከ ሸለቆው ሥር የወረደው በአህያና በሰው ትከሻ ነው። መኪና የሚገባበት መንገድ አልነበረም። ድርጅቱ ዛሬ በብዙ አገር የእግረኛ ድልድይ ይሠራል፣ መነሻው ግን ይህ የኛ ድልድይ ነው።

በ2005 ዓባይ ሞልቶ ብረቱን ጠርጎ ወሰደው። ሰዉ ሁለተኛ ተቸገረ። ድርጅቱ ተመልሶ በ2009 በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ሠራ፣ በዚህ ጊዜ ጎርፉ እንዳይደርስበት ከውኃው በጣም ከፍ ተደርጎ። አሮጌው ድልድይ ከዚያ በኋላ ቅርስ ነው፤ የቆሙት ቅስቶቹ ግን ዛሬም ቢሆን የሠራቸውን እጅ ያስመሰግናሉ።

ለሚሄድ ሰው

ይህ መንገድ የቱሪስት አይደለም። ምልክት የለውም፣ ሱቅ የለውም፣ ታች በረሃው ላይ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ አገኛለሁ ብሎ መውረድም ሞኝነት ነው። ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። በሶ ወይም ቆሎ ይያዝ። ቆላው ወባ ስላለበት እዚያ ማደር ካልቀረ አጎበር ያስፈልጋል። ከገበያተኛ ጋር መሄድ ከሁሉ ይሻላል፣ የት እንደሚታረፍ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ ባለው ግጭት የተነሣ ደግሞ ሞጣ ላይ ያለውን ሁኔታ በየዕለቱ ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም። መመለሻው ሌላ ጣጣ ነው፦ የጃራ ገዶውን አቀበት ጨርሶ በዚያው ቀን ልመለስ የሚል አገሬው ራሱ ብዙ የለም፤ ማዶ ዘመድ ያለው ዘመዱ ጋ፣ ዘመድ የሌለውም «የመሸበት እንግዳ ነኝ» ብሎ ያድራል።