«የማይነቀፍ» ማለት የማይሳሳት ማለት ነው እንዴ?

1ኛ ጢሞቴዎስ 3፥2 የቤተ ክርስቲያን መሪ «የማይነቀፍ» ይሁን ይላል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያነብ «ታዲያ ማን ሊያገለግል ነው?» ብሎ ይደነግጣል። የግሪኩ ቃል ግን «የሚያዝበት ነገር የሌለው» እንደ ማለት ነው፤ ቢከሰስ እንኳ ክሱ የሚቆምበት መሠረት አያገኝም። ሐሜትማ አይቀርም፣ ጳውሎስ ራሱ ስንት ተብሏል! ያም ሆኖ ለቅዱሳን፣ ማለትም በኢየሩሳሌም ለነበሩ ችግረኛ አማኞች፣ የተዋጣውን ገንዘብ ለአንድ ሰው ብቻ አልተወውም፤ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ እንደምናነበው፣ ማንም እንዳይነቅፋቸው ብሎ ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞችን ላከ። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለም። መሪ ሰው ነውና ይሳሳታል። ሲሳሳት ግን አይሸፋፍንም፣ የበደለውን ሰው ሄዶ ይቅርታ ይጠይቃል። 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ቁጥር 4 ደግሞ ቤቱንም ይጨምራል፤ መድረክ ላይ ስለ ፍቅር እየሰበከ ቤት ሲገባ ሚስቱ ላይ የሚጮህ ከሆነ፣ ልጆቹ ያዩታል።