ማሽኑን ለመስቀለኛ ጥያቄ የጠራው ጠበቃ፦ ስለ ሳሙኤል ኮግሊ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስታር ትሬክ የተባለውን የአሜሪካ የጠፈር ጉዞ ተከታታይ ድራማ ያየ ሰው ካፒቴን ከርክን ያውቃል። ጆሮው ሹል የሆነውን ምክትሉን ስፖክንም አይረሳም። ጠበቃውን ሳሙኤል ኮግሊን የሚያስታውሰው ግን ጥቂት ነው። ያ ጥቂቱም ቢሆን ብዙ ጊዜ አሳስቶ ነው የሚያስታውሰው። እኔ ይህን ሰውዬ በጣም እወደዋለሁ። ስለዚህ ስሙ ሲነሳ የሚባሉትን አንዳንድ ነገሮች ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ ላውራው። ኮግሊ ያለበት የተከታታዩ ክፍል በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1967 ነው። (ከኛ ሕገ መንግሥት በስተቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከርክ የሚመራት ኢንተርፕራይዝ የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ኃይለኛ ማዕበል ውስጥ ትገባለች። የመዝገብ ኃላፊው ቤን ፊኒ ከመንኮራኩሯ ጋር በተያያዘች ትንሽ ክፍል ውስጥ ሥራ ላይ ነው። አደጋው ሲከፋ ከርክ ያቺን ክፍል ፈትቶ ይለቃታል። ፊኒ ሞተ ይባላል። ከርክ «ቀዩን ማስጠንቀቂያ (የከፋ አደጋ ምልክቱን) ከሰጠሁ በኋላ ነው የለቀቅኳት» ይላል። የመንኮራኩሯ ኮምፒውተር የቀረጸው ምስል ደግሞ ማስጠንቀቂያው ገና ሳይሰጥ ቁልፉን ሲጫን ያሳያል። ከርክ በጦር ፍርድ ቤት ይከሰሳል። ኮግሊ ይቆምለታል።

«ኮምፒውተር የሚጠላ፣ ዘመን የጣለው ሽማግሌ ነው»

በጣም የተለመደው አባባል ይህ ነው። ከየት እንደመጣም ይገባኛል። ከርክ የማረፊያ ክፍሉን በር ከፍቶ ሲገባ ጠበቃው ቀድሞት ገብቷል። ክፍሉ በመጻሕፍት ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ ክምር፣ ወለሉ ላይ ክምር። ከክምሩ ኋላ አንድ አጭር፣ ቀጭን ሰውዬ። ቢሮው ውስጥ የፍርድ ውሳኔዎችን ሁሉ አጠቃሎ የያዘ ኮምፒውተር አለው፤ እንደማይነካውም ራሱ ይናገራል። ይህን ያየ ተመልካች «ገባኝ፣ የድሮ ሰው ነው» ብሎ ያልፋል።

ምክንያቱን ግን እንስማ። ኮግሊ ኮምፒውተሩን የማይነካው ስለፈራው አይደለም። እዚያ ውስጥ ያለው ሕጉ ራሱ ሳይሆን የሕጉ ጭማቂ ስለሆነ ነው። እሱ የሚፈልገው ሕጉን ያወጡት ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ የጻፉትን፣ ያሰቡትንም ጭምር ነው። ሥራው ላይ ያለ ጠበቃ ሁሉ ልዩነቱን ያውቀዋል። የአንድ ፍርድ ማጠቃለያ ማንበብ ሌላ፣ ፍርዱን ማንበብ ሌላ።

ይህ ነገር የልብ ወለድ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች አንድ አየር መንገድ በተከሰሰበት ጉዳይ ላይ በቻትጂፒቲ የታገዘ ጽሑፍ ለፍርድ ቤት አስገቡ። የተጠቀሱት ፍርዶች ውስጥ በዓለም ላይ የሌሉ፣ ማሽኑ የፈጠራቸው ነበሩ። ዳኛው 5,000 ዶላር ቀጣቸው። አንድ ሰው መጽሐፉን ገልጦ ቢያይ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ደግሞ ኮግሊ ኮምፒውተር ሲጠቅመው ይጠቀማል። ችሎቱ ላይ ኮምፒውተሩ የከርክን ሽልማቶችና ሜዳዮች ማንበብ ይጀምራል። ዐቃቤ ሕጓ ኤሪየል ሻው ዝርዝሩ እንዲያጥር ትፈልጋለች። ኮግሊ እንዲነበብ ያደርጋል። ማሽኑ ያንን ሁሉ ክብር በዚያ ስሜት በሌለው ድምፁ ሲዘረዝር ዳኞቹ ቁጭ ብለው ይሰማሉ። ማሽን የሚጠላ ሰው ይህን አያደርግም። ሰውዬው የሚጠላው ማሽን ሲናገር ሰው አፉን የሚዘጋበትን ልማድ ነው።

«ኮምፒውተር አይዋሽም፤ ኮግሊ የተከራከረው ከእውነት ጋር ነበር»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያንገበግበኝ እሱ ነውና።

አንድ ጊዜ የውሃ ክፍያ ደረሰኜን ይዤ መስኮት ላይ ቆሜያለሁ። ልጅቷ ስክሪኑን እያየች «ሲስተሙ አልከፈሉም ነው የሚለው» አለችኝ። ደረሰኙን ሰጠኋት። ደረሰኙን አየችው። ስክሪኑን አየችው። እኔን አየችኝ። ከዚያ «እሱስ ልክ ነው፣ ግን ሲስተሙ…» አለች። ክፉ ልጅ አልነበረችም። ማኅተም ያለበት ወረቀት በእጇ ይዛ ስክሪኑን አመነች። ሦስት ቀን ከተመላለስኩ በኋላ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ የዕለቱን መዝገብ አስወጥተው አዩ። የደንበኛ ቁጥሬ ላይ አንድ አኃዝ ተሳስቶ ገንዘቤ ለሌላ ሰው ተመዝግቧል። ሲስተሙ አልዋሸም። የነገሩትን ነው የደገመው። አሳስቶ የጻፈው የሰው ጣት ነው።

የኔ ጉዳይ የውሃ ክፍያ ነው፤ ያልፋል። በእንግሊዝ ፖስታ ቤት የሆነው ግን አላለፈም። ከ1999 ጀምሮ የፖስታ ቅርንጫፎች ሆራይዘን በሚባል፣ ፉጂትሱ ባቀረበው የሂሳብ ሲስተም መሥራት ጀመሩ። ሲስተሙ ያልጎደለ ገንዘብ «ጎድሏል» ይል ነበር። ቅርንጫፍ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ደውለው ሲጠይቁ ብዙዎቹ የተሰጣቸው መልስ አንድ ነው፦ ይህ ችግር የገጠመህ አንተ ብቻ ነህ። ከ900 በላይ ሰዎች በዚያ መረጃ ጥፋተኛ ተባሉ። ነፍሰ ጡር ሆና እስር ቤት የገባች ሴት አለች። ከስረው ቤታቸውን ያጡ አሉ። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች ደግሞ ተቃራኒው እስኪታይ ድረስ ኮምፒውተር በትክክል ይሠራል ብለው ነው የሚነሱት። ተከሳሹ እንዴት አድርጎ ያስረዳ? ኮዱ በእጁ የለ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሲስተሙ ስህተት እንደነበረበት የፈረደው በ2019 ነው። በ2024 ፓርላማው ልዩ ሕግ አውጥቶ ፍርዶቹን በጅምላ ሰረዘ። ከሃያ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ኮግሊ እንመለስ። በታሪኩ ውስጥም ኮምፒውተሩ በራሱ አልተሳሳተም። ሰው ነካክቶታል። ስፖክ በምስክርነቱ ላይ ማሽኑ ላይ ምንም ብልሽት እንደማያውቅ ተናገረ። እንደዚያም ሆኖ ማሽኑ ልክ አይደለም፣ «ካፒቴኑን አውቃቸዋለሁ፣ ይህን አያደርጉም» ይላል። በዚያ ችሎት የሰው ምስክርነት ከማሽን ምስክርነት ጋር ፊት ለፊት ቆሞ ክብደት ያጣው የሰው ነው። ኮግሊን ያስቆጣው ይህ ነው፤ ልክም ነበር።

«ክሱን በንግግር ችሎታው ያሸነፈው እሱ ነው»

አይደለም። እንዲያውም ተሸንፎ ነበር። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ቀርበው ሲናገሩ ኮግሊ መስቀለኛ ጥያቄ ሳያቀርብ አሳለፋቸው። ምስሉ ከታየ በኋላ መከላከያውን ጨርሷል፤ የሚቀረው ፍርድ ብቻ ነው።

ያዳነው ቼዝ ነው። ስፖክ ኮምፒውተሩን ቼዝ ያስተማረው ራሱ ነው፤ የራሱን ያህል አድርጎ። ስለዚህ ሁለቱም ካልተሳሳቱ ቢጫወቱ ቢጫወቱ ማንም ማንን ማሸነፍ የለበትም። ስፖክ ግን ማሽኑን አምስት ጊዜ አሸነፈው። ስለዚህ ማሽኑ ተነካክቷል። ይህን ማድረግ የሚችሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ካፒቴኑ፣ ስፖክ ራሱና የመዝገብ ኃላፊው። ሟች የተባለው ፊኒ ማለት ነው።

የኮግሊ ድርሻ ከዚህ ይጀምራል። የቼዝ ወሬ በራሱ ማስረጃ አይሆንም። መከላከያ ካበቃ በኋላ ደግሞ ችሎቱን ማስከፈት ቀላል አይደለም። ዐቃቤ ሕጓ «ይህ ቲያትር ነው» ዓይነት ተቃውሞ አነሳች። ኮግሊ ተነስቶ ደንበኛዬ ከሳሹን ፊት ለፊት የማየት መብት አለው፣ ከሳሹ ደግሞ የመንኮራኩሯ ኮምፒውተር ነው፣ ስለዚህ ችሎቱ ወደዚያ ይሂድ አለ። ማሽን መብት የለውም፣ ሰው ግን አለው አለ። እየጮኸ ነው የጠየቀው። ችሎቱም ተነስቶ ወደ መንኮራኩሯ ሄደ።

እዚያ የሆነውን ያየ አይረሳውም። ሠራተኛው ሁሉ ከመንኮራኩሯ እንዲወርድ ይደረጋል፤ የቀሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው። የሁሉም የልብ ምት በድምፅ ማጉያ ይሰማል። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። የመንኮራኩሯ ዶክተር በእጁ ትንሽ መሣሪያ ይዞ የእያንዳንዱ ሰው ደረት ላይ እያስጠጋ ድምፁን አንድ በአንድ ያጠፋል። የሁሉም ጠፋ። ሆኖም አንድ ልብ አሁንም ይመታል። ፊኒ ሕያው ነው፤ መንኮራኩሯ ውስጥ ተደብቋል።

«የጠየቀው መብት በአሜሪካ ሕግ የታወቀ ነው፤ ምን አዲስ ነገር አለው?»

ግማሹ እውነት ነው። ከ1791 ጀምሮ የጸናው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስድስተኛ ማሻሻያ ተከሳሽ የሚመሰክሩበትን ሰዎች ፊት ለፊት እንዲጋፈጥ መብት ይሰጠዋል። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የላቦራቶሪ የምስክር ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ ምርመራውን የሠራው ባለሙያ ቀርቦ ይጠየቅ ብሎ ወስኗል። አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ነው።

ሆኖም ማሽን ብቻውን ያወጣውን መረጃ በተመለከተ ብዙ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች «ማሽን ምስክር አይደለም» ይላሉ። ስለዚህ የኮግሊ አቤቱታ ቃል በቃል ዛሬ ቢቀርብ ውድቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ጠበቃው የቆመው ሕጉ ገና ባልደረሰበት ቦታ ላይ ነው።

ወደ ኛ ስንመጣ፣ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማንኛውንም ማስረጃ የመመልከት፣ የመጡበትንም ምስክሮች የመጠየቅ መብት አለው ይላል። «ማንኛውንም» የሚለው ቃል ትልቅ ነው። የስልክ ጥሪ ዝርዝርና የካሜራ ቅጂ በማስረጃነት በሚቀርብበት ዘመን ጠበቆቻችን ያቺን ቃል አጥብቀው ቢይዟት ደስ ይለኛል።

«የችሎቱ ሥርዓት እውነተኛውን የጦር ፍርድ ቤት ያሳያል»

ይህን ባታምኑት ይሻላል። ዐቃቤ ሕጓ የተከሳሹ የቀድሞ ፍቅረኛ ናት፤ ከችሎቱ በፊት አግኝታው ክሱ በምን መልኩ እንደሚመጣ ትነግረዋለች። ኮሞዶር ስቶን ደግሞ ጉዳዩን አስቀድመው የመረመሩት ሰው ሆነው ሳለ ዳኛ ሆነው ይሰየማሉ። አንዱ ብቻ እንኳ ፍርድ ሊያስሽር ይችላል።

ስለ ስቶን ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የተጫወተው ጥቁር ካናዳዊው ፐርሲ ሮድሪጌዝ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ቱርጉድ ማርሻል ወንበራቸውን የያዙት በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ቴሌቪዥኑ በወራት ቀድሟል።

«በተከታታዩ ውስጥ በተደጋጋሚ ይመጣል»

አንድ ክፍል ብቻ ነው። ኤሊሻ ኩክ ጁኒየር፣ በ1940ዎቹ የወንጀል ፊልሞች የሚታወቀው ተዋናይ፣ መጥቶ ሠራና ሄደ።

«ለማንም የሚቆም፣ አቋም የሌለው ሰው ነው»

ይህ የሚባለው በመጨረሻው ትዕይንት ምክንያት ነው። ፊኒ ሞቱን አስመስሎ ከርክን ሊያጠፋ የሞከረው በቆየ ቂም ነው። ድሮ በሌላ መንኮራኩር ላይ አብረው ሲሠሩ ከርክ የፊኒን ስህተት መዝግቦበት ዕድገቱ ተጓትቷል። ፊኒ ተይዞ ሊከሰስ ነው። ጠበቃው ማን ሆነ? ኮግሊ።

ሰው «እንዴት ለወንጀለኛ ይቆማል?» ይላል። በየሰፈሩ የምንሰማው ጥያቄ ነው፤ ለጠበቃ ልጆቻቸው እናቶች ሳይቀሩ የሚያነሱት። እኔ ግን በዚህ ክፍል ውስጥ ለኮግሊ ያለኝን ክብር ያጸናው ይህ ነው። ለከርክ የቆመው ከርክ ጀግና ስለሆነ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ስለ መብት የተናገረው ነገር ለወዳጅ ብቻ የሚሠራ ይሆን ነበር። ፊኒ አጥፍቷል፤ ምስሉን ያበላሸው እሱ ነው። ሆኖም እሱም ማስረጃው የሚጠየቅለት ሰው ያስፈልገዋል።

አንድ ነገር ግን በሐቅ ልናገር። በዛሬው የአሜሪካ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ይህ እንዲህ በቀላሉ አይሆንም። ከርክ የቀድሞ ደንበኛው ነው፣ ጉዳዩም ያው ነው። በጽሑፍ የከርክ ፈቃድ ያስፈልገው ነበር። ደራሲዎቹ ይህን አላሳዩንም። የሚታየው የከርክ ፊት ነው፤ ቅሬታ የለበትም።

ሻው መንኮራኩሯ ላይ ከርክን ልትሰናበተው መጥታለች። በእጇ አንድ መጽሐፍ ይዛለች። ከሳም፣ ከኮግሊ ማለት ነው፣ የተላከ ነው፤ ብርቅ እትም አይደለም፣ እንዲሁ መጽሐፍ ነው። ራሱ ለምን አልመጣም? ሥራ ይዟል፤ ቤን ፊኒን እየተከላከለ ነው። «አሸንፋለሁ» ብሏል።