በሞዴል ሥራ ካሊብሬሽንና ቫሊዴሽን የሚለያዩት በምንድን ነው?

የአካባቢ ሥርዓትን በሚወክሉ ሞዴሎች ሥራ ብዙ ጊዜ የሚምታቱት ካሊብሬሽንና ቫሊዴሽን ናቸው። ካሊብሬሽን ማለት፣ በወንዝ ፍሰት ሞዴል ለምሳሌ፣ በተፋሰሱ ሁሉ ለክቶ ማወቅ የማይቻለውን እንደ አፈር ውሃ የመያዝ አቅም ያለ ፓራሜትር (የሞዴሉን ባህሪ የሚወስን ቁጥር)፣ የሞዴሉ ውጤት ከተለካው ፍሰት ጋር እስኪቀራረብ ድረስ ማስተካከል ነው። ቫሊዴሽን ግን የተስተካከሉትን ቁጥሮች ሳይነኩ ሞዴሉን ለማስተካከያ ባልዋለ መረጃ መፈተን ነው፤ የ20 ዓመት ልኬት ካለ 12ቱ ለማስተካከያ፣ 8ቱ ለፈተና ሊውሉ ይችላሉ።

የሞዴሉ ውጤት ከልኬቱ ጋር ምን ያህል እንደሚገጥም የሚለካው፣ በ1970 የቀረበው የናሽና ሰትክሊፍ መመዘኛ 1 ሲሆን ፍጹም መገጣጠምን፣ 0 ሲሆን ሞዴሉ ከልኬቱ አማካይ እንደማይሻል ያሳያል። በካሊብሬሽን ብቻ የተገኘን ከፍተኛ ውጤት እንደ ማረጋገጫ ማቅረብ ግን ከባድ ስህተት ነው፤ ፍጹም የተለያዩ የፓራሜትር ጥምረቶች እኩል ውጤት ሊሰጡ ይችላሉና።