ቦንክ ምንድን ነው? የብስክሌተኛ ድካም ሁሉ ቦንክ አይደለም

ውድድር በተጀመረ በሃያኛው ደቂቃ ቦንክ የሚመታው ብስክሌተኛ የለም። ሰሞኑን ግን አንድ የውድድር ተንታኝ፣ ገና ከመነሻው በተከፈተ ጥቃት ወደ ኋላ የቀረን ተወዳዳሪ «ቦንክ መታው፤ በሰውነቱ ውስጥ ጉልበት የሚባል ነገር አልቋል» ሲል ሰማሁት። ያ ተወዳዳሪ ከአቅሙ በላይ ጋልቦ ትንፋሽ አጠረው እንጂ ሌላ ነገር አልነካውም። ጥቂት ቀዝቀዝ ብሎ ትንፋሹን ሲሰበስብ ከዋናው ቡድን ጋር ተቀላቅሏል። ቦንክ የመታው ሰው እንዲህ በቀላሉ አይመለስም።

ቦንክ በረጅም ግልቢያ መሃል፣ በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ግላይኮጅን ሊነጥፍ ሲቃረብ የሚመጣ ድንገተኛ መክዳት ነው። ግላይኮጅን ሰውነት ለኋላ ብሎ ያከማቸው የግሉኮስ (የስኳር) ስንቅ ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ «ጉልበቱ አለቀ» የምትለዋ አባባል ናት። 65 ኪሎ የሚመዝንና ከክብደቱ 10 በመቶ ብቻ ስብ የሆነ ቀጭን ተወዳዳሪ እንኳን ወደ 50,000 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ስንቅ በስብ መልክ ተሸክሞ ይዞራል። ግላይኮጅኑ ግን በጡንቻ ከ300 እስከ 500 ግራም፣ በጉበት 100 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ሁሉም ተደምሮ 2,000 ኪሎ ካሎሪ አካባቢ ነው። ያለቀው ትንሹ ስንቅ ነው፤ ትልቁ እንዳለ አለ።

ታዲያ ትልቁ ለምን አይደርስለትም? ሰውነትን እንደ አንድ ቤተሰብ እንየው። ስብ በባንክ የተቀመጠ ሀብት ነው፤ ባንኩ ግን በሰዓት የሚከፍለው የተወሰነ ነው፣ ቢለምኑትም አይጨምርም። በዚያ ላይ ኮሚሽን ይቆርጣል፤ በአንድ ሊትር ኦክስጅን ከስብ የሚገኘው ጉልበት ከካርቦሃይድሬት ከሚገኘው በጥቂት በመቶ ያንሳል፣ ዳገት ላይ ደግሞ የሚቸግረው ኦክስጅን ነው። በጡንቻ ያለው ግላይኮጅን የየአባሉ የግል ኪስ ነው። በዚህ ቤት ብድር የለም፤ ጡንቻ ግሉኮሱን መልሶ ወደ ደም የሚለቅበት ኢንዛይም ስለሌለው፣ የክንድ ኪስ ሞልቶ ጭን ባዶውን ሊቀር ይችላል። ጉበት የጋራ ሣጥኑን ይዟል። አንጎል ይህ ነው የሚባል ኪስ ስለሌለው ከዚያው ሣጥን እየወሰደ ይኖራል፤ በቀን የሚያስፈልገው 120 ግራም ያህል ግሉኮስ ነው። ሣጥኑ ሲጎድል የቤቱ አስተዳዳሪ እሱ ራሱ ስለሆነ የሌሎቹን ወጪ ይቆርጣል።

ሁለቱን ባዶነቶች መለየት ያስፈልጋል። የጭን ኪስ ብቻ ሲራቆት እግር እንደ እርሳስ ይከብዳል፣ ሐሳብ ግን ጥርት ያለ ነው። የጋራው ሣጥን ሲራቆት ሰውየውን ማየት ይበቃል፦ ቀዝቃዛ ላብ ያጠምቀዋል፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ የጄሉን፣ ማለትም በግልቢያ ላይ የሚዋጠውን ወፍራም የስኳር ስንቅ፣ ማሸጊያ መቅደድ ያቅተዋል፣ ስንት ዙር እንደቀረው ሲጠየቅ የተሳሳተ ቁጥር ይናገራል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል። ይህን አይቶ «ወኔ አነሰው» የሚል ተንታኝ የደም ስኳርን ከባሕርይ ጋር አምታቷል።

ሌላው ስህተት «ቁርስ በደንብ ቢበላ ኖሮ» የሚለው ነው። ቁርስ ሌሊቱን የጎደለውን ጉበት ይሞላል፣ መልካም ነው፤ የስድስት ሰዓት ውድድር ግን አይሸፍንም። በ250 ዋት የሚጋልብ ሰው በሰዓት 900 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። አንጀት ደግሞ በሰዓት ወደ 60 ግራም ግሉኮስ ነው የሚያሳልፈው፤ ፍሩክቶስ (የፍራፍሬ ስኳር) በሌላ በር ስለሚገባ ሁለቱ ሲቀላቀሉ ወደ 90 ግራም ይደርሳል፣ ይኸውም 360 ኪሎ ካሎሪ ነው። ስለዚህ የሚያወጣውን ያህል የሚበላ ተወዳዳሪ የለም። ሥራው ኪሱ የሚራቆትበትን ሰዓት ማዘግየት ነው፤ ለዚህም ረሃብ ሳይሰማ፣ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በትንሽ በትንሹ መውሰድ ይጠይቃል። ጠንካራ ግልቢያ ደምን ከሆድ ወደ እግር ስለሚያሸሽ፣ በልምምድ ያልሞከረውን ጄል ያለ ውኃ የሚደራርብ ሰው ያቅለሸልሸዋል፤ አቅለሽልሾት መብላት ያቆማል፤ ያኔ ቦንኩ ይመጣል። «ሆዴ እምቢ አለኝ» የሚሉ ተወዳዳሪዎችን ሰበብ ፈጠሩ አልላቸውም።

ቦንክ በብቃት ማነስ የሚመጣ ነው ለሚሉም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ቱር ደ ፍራንስ ላንስ አርምስትሮንግ የመሪውን ቢጫ ማሊያ ለብሶ ሳለ ሳይመገብ ቀርቶ በዡ ፕላን ዳገት ላይ ተንኮታኮተ፤ ተቀናቃኙን ጀርመናዊ ያን ኡልሪኽንም ሆነ ሌሎቹን መከተል አልቻለም። ውጤቱ በኋላ በአበረታች ዕፅ ምክንያት ተሰርዟል፤ ዕፁም ቢሆን ባዶ ጉበት አይሞላም።

ተንታኙ «ጄል ወሰደ፣ አሁን ይነሳል» ሲልም መታገስ ያቅተኛል። ስኳር ያለው መጠጥ አፍ ውስጥ ተጉመጥምጦ ሲተፋ እንኳን አንጎልን እንደሚያነቃቃ በሙከራ ታይቷል፤ በመጀመሪያው ደቂቃ የሚታየው መነቃቃት ከዚያ ሊሆን ይችላል። የደም ስኳሩ ተስተካክሎ ሐሳቡ እስኪጠራ ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የጭኑ ግላይኮጅን እስኪመለስ ግን በደንብ እየተበላ እንኳን አንድ ቀን ገደማ ይወስዳልና የዚያን ዕለት ፍጥነቱን ቀንሶ በስቡ ወደ መጨረሻው መሄድ ነው ያለው። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ግን ይህን ሁሉ ለራሱ እንዳያደርገው፤ ለእሱ መንቀጥቀጥና መደናገር ቦንክ ሳይሆን አደጋ ነውና ከብስክሌቱ ይውረድ፣ ስኳር ይውሰድ፣ የደም ስኳሩን ይለካ።